ቤቱ ኢቃማ ያገኘ ለታ

በዚያ ዓመት ባባ ወረቀት ሊያወጣለት ላይ ታች የሚልለት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ አልነበርኩም። ቤት ነበር። ያውም ሰው የማይኖርበት ቤት። ከጅዳ ወደ መካ ከሚወስደው አሮጌ መንገድ ገባ ብሎ፣ በደረቁ የተምር ዛፎች መሐል የተቀመጠ፣ ጣሪያው ግማሹ ግንድ ግማሹ ቆርቆሮ የሆነ የቀይ ጡብ የእርሻ ቤት።

ባባ የምለው አሠሪዬን ነው። ዓረብ ቤት የሠራች ሴት ታውቀዋለች፤ አባወራው ባባ፣ እመቤቲቱ ማዳም ይባላሉ። ወላጅ ሆነውን አይደለም፤ አጠራሩ እንደ መወልወያውና እንደ ባልዲው ከሥራው ጋር አብሮ ይሰጠናል። ቤተሰቡ የሚኖረው መካ፣ ዛሂር የሚባል ሰፈር ነበር። እኔም እዚያው አበስላለሁ፣ እወለውላለሁ፣ ሲከራከሩ እሰማለሁ። አረብኛዬ ምን ያህል እንደሆነ ግን አያውቁም ነበር። ሲጠሩኝ አቤት፣ ሲልኩኝ ወዴት፤ ከዚያ በላይ አልናገርም። ዝም አይነቅዝም።

መጀመሪያ የመጣሁት ጅዳ ለሚኖር ሌላ ከፊል ነው። ከፊል ማለት አገሩ ውስጥ በስሙ የምትኖሪበት ሰው ነው፤ ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽ፣ ከእሱ ጋር የታሰረ ነው። የሚስቱ እጅ ሲበዛብኝ በሩን ክፍት ባገኘሁበት ቀን ወጣሁ። ሰውየው ሄዶ «ጠፍታለች» ብሎ አስመዘገበኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምጣድ እያሰስኩ፣ ልብስ እየተኮስኩ፣ አምስት ወቅት እየሰገድኩ፣ የጠፋሁ ሰው ነኝ።

አገር ቤት እናቴ ዘንድ የተውኳት ልጅ ነበረችኝ። ጥያት ስመጣ ትድህ ነበር፤ አሁን በስልክ «አንች ማነሽ?» ትለኛለች። ኢቃማ ያላት ሴት ለእረፍት ትገባለች፣ ልጇን ታቅፋለች፣ ተመልሳ ትሠራለች። የሌላት ከሄደች ሄደች ነው፤ መመለስ የለም። እኔ የምፈልገው ይህችኑ ብቻ ነበር። ልጄ ፊቴን እንድታውቀው፣ ከዚያ ተመልሼ እንዳሳድጋት።

በፈረንጆቹ 2013 መንግሥት የምሕረት ጊዜ ሰጠ። ወረቀት የሌለው ያስተካክል፣ ካልሆነለት በሰላም ይውጣ፣ ቀነ ገደቡ ካለፈ ግን አፈሳ ነው ተባለ። ጠፋ የተባለ ሰው እንኳ አዲስ ከፊል ካገኘ ስሙን ማዛወር ይችላል። ባባ አንድ ጠዋት ጀዋዛት፣ ማለትም ፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ ይዞኝ ቢሄድ ነገሩ ያልቅ ነበር።

«ኢንሻአላህ» አለኝ።

እናቴ ኢንሻአላህ ስትል ነገሩ በቁርጥ ይሆናል ማለት ነው። የባባ ኢንሻአላህ ግን ጉዳዩ ተገንዞ መቀበሩን የምናውቅበት ቃል ነበረች። በቤቱ የተሰበረው ቧንቧም፣ የማዳም የአንገት ወርቅም፣ እኔም በዚያችው ቃል ተቀብረን ነበር።

የመዘግየቱ ምክንያት ያ የጡብ ቤት ነው። የማዳም እህት ባል ጅዳ አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለውን የአባቱን ቤት ቅርስ አስብሎ ወረቀት አወጣለት። ማዳም ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። «የእኛስ? እኛ ዘር የለንም? አባት የለንም?» እያለች ባባን ስትወተውተው፣ ጎማ ሲጣልበትና ፍየል ሲታሰርበት የኖረው የእርሻ ቤት ትዝ አለው። የባባ ወንድሞች ተሰበሰቡ። አንዱ ጡቡ ከህንድ በመርከብ መጥቶ ከጅዳ ወደብ በግመል የተጓዘ ነው አለ። ሌላው ያሠራው የቱርክ ሹም ነው አለ። ሦስተኛው አያታቸው በገዛ እጃቸው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ተኩሰው የሠሩት ነው ብሎ ማለ። ሩዝና ሥጋውን ከበው ሲከራከሩ ሳህን ላነሣ በገባሁ ቁጥር ታሪኩ ተለውጦ ይጠብቀኛል። ቤቱን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳየው የተናገረ ግን አንድም አልነበረም።

«መጀመሪያ ቤቱ ወረቀቱን ያግኝ» አለኝ ባባ። «እስከዚያ ስሜ ንጹሕ መሆን አለበት። ሁሩብ የሆነች ሠራተኛ፣ ከከፊሏ የኮበለለች፣ ይዤ ጀዋዛት ብታይ ምን ይሉኛል? ቤቱ ባለቀ በማግስቱ ያንቺን ናቅል እጨርሳለሁ፣ ወደ ስሜ አዛውርሻለሁ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ኸላስ ሲል አመንኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝ ሆኜ የያዝኩት ወረቀት እንኳ አልነበረም፤ ቃል ነው።

ዛሂር ውስጥ ፍተሻው ሲበዛ ማዳም ፈራች። «እስኪረጋጋ መዝረዓው ትቆይ፣ ቤቱንም ታጽዳ» አለች። መዝረዓ እርሻ ማለት ነው፤ ነገር ግን የሚታረስ ነገር አልነበረም። የነበሩት የደረቀ ጉድጓድ፣ ባባ ለወተት ብሎ ያሰራት አንዲት ላም፣ ከጎረቤት እርሻ በገመድ የተሳበች መብራት፣ አንድ ክፍል ሙሉ ጊንጥ፣ እና ከእነዚህ ጋር እኔ። ባባ ዱቄት፣ ዘይትና በበርሜል ውሃ ያመጣልኛል፤ ነጭ ቀሚሱ አቧራ እንዳይነካው ከበር መልስ ነው። አልጋም አመጣለሁ ብሎ ነበር። ኢንሻአላህ ብሎ።

ከጊንጥ ጋር መሬት ላይ መተኛት ሲያቅተኝ መደብ ሠራሁ። እኛ ወሎ ጭቃ ማቡካት የማታውቅ ሴት የለችም፤ ይህ ሙያ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም። ከኋላ ግድግዳ የወደቀውን ጡብ ለቅሜ ደረደርኩ። ከጉድጓዱ ዳር አፈር ቆፍሬ፣ የላሟን ገለባ ከትፌ ጨምሬበት፣ ረግጬ አቦካሁት። መረግኩት፤ ደረቅ ሲል በላሟ እበት ለቀለቅኩት። በመጨረሻ እጄ ሥራ ሲፈታ በጣቶቼ ሞገድ ሞገድ እየሰራሁ አስጌጥኩት፤ በቀያችን ሙሽራ ለሚገባበት ቤት እንደሚደረገው። በራስጌው በኩል ከግድግዳው ሁለት ጡብ ነቅዬ የስልኬን ቻርጀር የማስቀምጥባት ጎድጓዳ አበጀሁ። በዚያው ክፍል ስለማበስል ጭሱ ሲመታው ሰነበተና ጠቆረ። በጥቂት ወራት ከእኔ ይልቅ እሱ አረጀ።

ማዳም አንድ ጊዜ ዘይት ለማድረስ ከባባ ጋር መጥታ መኪና ውስጥ ቁጭ እንዳለች በመስኮት ጠየቀችኝ። «እናንተ አገር ቤት አለ? ወይስ ዛፍ ሥር ነው የምትኖሩት?»

«አለ ማዳም» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል።

እዚያው መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ፣ አብረን የመጣን ጓደኛዬ፣ በየጊዜው ትደውልልኝ ነበር። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ድምጿ ተለወጠ።

«አንች፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ ወላሂ እጄን ልሰጥ ነው። አሁን በሰላም ከወጣን ነገ በቪዛ እንመለሳለን። ከታፈስን ግን አሻራ ወስደው ነው የሚዘጉብን። ነይ አብረን እንሂድ በነቢዩ።»

«ባባ ቃል ገብቶልኛል። ቤቱ ወረቀት ሲያገኝ…»

«የቱ ባባ? አልጋ ያመጣልሽ ባባ?»

ስልኩን ዘጋሁባት። እሷ ሄደች፤ እኔ የቤቱን ወረቀት ለመጠበቅ ቀረሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ቅርስ መሆን አለመሆኑን የሚመሰክር ሙሀንዲስ ከጅዳ መጣ። ወጣት ነው፣ ውጭ አገር የተማረ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ፣ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ብሩሽ። ባባና ማዳም ከኋላ ከኋላው ይከተላሉ። ግድግዳውን ለካ፣ ጡቡን በጣቱ አንኳኳ፣ ጣሪያውን አይቶ ከንፈሩን አጣመመ። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ። «ጡቡ ተራ ጡብ ነው። ጣሪያው ተቀይሯል። እንዲህ ያለ ቤት ሸለቆውን ሞልቶታል። ይቅርታ።»

የባባ ፊት ጠቆረ። የእኔም አብሮ ጠቆረ፤ ቤቱ ካልቀናው እኔም አልቀናኝም።

ሰውየው ሊወጣ ሲል ለወጉ ያህል እኔ የምተኛበትን ክፍል በር ገርበብ አደረገው። «ያ ሰላም!» የሚል ጩኸት ሰማን። ገብተን ስናይ መደቤ ፊት ተንበርክኳል። በብሩሹ ይጠርጋል፣ በካሜራው ያነሣል፣ ጣቶቹን እኔ ጣቶቼን ባሳረፍኩበት ያሳርፋል። በቢላ ጫፍ ትንሽ ፈቀፈቀና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ።

«የጥንት ሽታ ነው» አለ።

ሽታው የላሟ ነበር። ላሟ ራሷ በር ላይ ቆማ ታመሰኳለች።

«እዩ! የፋኖስ ማስቀመጫ ሳይቀር!» አለ ቀጥሎ። ቻርጀሬን ቀድሜ መንጭቄ አባያዬ ውስጥ ደብቄው ነበር። «ይህ አሠራር የትም አላየሁትም። ቢያንስ መቶ ዓመት ይሆነዋል። ታሪኩን የሚያውቅ አለ?»

ባባ ማዳምን አየ። ማዳም ስልኳን አየች። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«የባባ አያት ናት የሠራችው» አልኩ በአረብኛ፣ እነሱ ሰምተውት በማያውቁት አረብኛ። «ለሐጅ ወደ መካ የሚሄዱ ሁጃጆች ከጅዳ በእግራቸው ሲመጡ እዚህ ታሳርፋቸው ነበር። ውሃና ተምር ታቀርብላቸዋለች። ይኸው የጣቷ ምልክት። ፋኖሱን ሌሊቱን ሙሉ አታጠፋም፤ መንገድ የጠፋው ሰው ብርሃኑን አይቶ እንዲመጣ። በሯ ላይ ወረቀት አለህ ወይ የሚል ጥያቄ አልነበረም።»

የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። አፌ ሞቆት ነበር።

«አንቺ ይህን ማን ነገረሽ?» አለኝ ሙሀንዲሱ።

«ማዳም ናት የነገረችኝ። እሷ ከአማቷ ሰምታ።»

ማዳምና አማቷ እስከ ዕለተ ሞት እንደተኳረፉ ሰፈር ያወቀው ነው። ማዳም አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ቶሎ ግን ነቃች። «አይዋ፣ እውነት ነው። አላህ ይርሐማት፣ እንደ እናቴ ነበር የምታጫውተኝ» አለችና ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። ባባም የራስ መሸፈኛውን ጫፍ ወደ ዓይኑ አመጣ። እንባውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሙሀንዲሱ ሁሉንም ቀዳ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በሆዴ ስቄያለሁ፤ ደስታው ሊገለኝ ነበር። እነዚህን ሁሉ የተማሩና የከበሩ ሰዎች በላም እበት ላይ አስለቀስኳቸው፤ ነገ ደግሞ ኢቃማዬን እይዛለሁ፣ ከነገ ወዲያ ልጄን።

ቤቱ ወረቀቱን አገኘ። ባባ በመስታወት አስገብቶ ዛሂር ሳሎን ላይ ሰቀለው። ዘመድ ተጠርቶ ግብዣው መዝረዓው ላይ ሆነ፤ ሳህን የማነሣው እኔ ነኝና ሁሉንም ሰማሁ። የህንዱ መርከብና የቱርኩ ሹም በአንድ ቀን ሞተው ተቀበሩ። ሦስቱም ወንድማማቾች አሁን የሚያወሩት ስለ አያታቸው መደብ ሆነ። አንደኛው በልጅነቱ እዚያ መደብ ላይ አቅፋ ታስተኛው እንደነበር ተረከ። ሌላው የፋኖሱ ብርሃን ዛሬም ድረስ ዓይኑ ላይ አለ። የእህትየው ባል ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ምራቁን ይውጣል። ማዳም በመደቡ ጠርዝ ላይ እጇን እያንሸራተተች፣ ያንን ለስላሳ እጇን፣ «ዘር እንዲህ ነው» ትላለች።

ቀጥሎ ደንቡ መጣ። ቅርስ ውስጥ እሳት አይነድም፣ እንስሳ አይታሰርም፣ መደቡ ላይ ማንም አይቀመጥም። ላሟን በማግስቱ ወሰዷት። ለመቶ ዓመት ሽታ ምንጭ የሆነች ላም ነበረች፤ አንድ ሰው እንኳ ደህና ሁኚ አላላትም። መደቤ ዙሪያውን በቀይ ገመድ ተከበበ። እኔ ከገመዱ በታች፣ መሬት ላይ፣ ከጊንጡ ጋር ተመለስኩ። ለባባ ስደውልለት «ሹወይ ሹወይ፣ ቀስ በይ፣ እንግዳ በዝቶብኛል» ይለኛል። በመሐሉ ቀነ ገደቡ አለፈ። ከጅዳ የአፈሳ ወሬ፣ ከሪያድ ደግሞ ለጆሮ የሚከብድ ወሬ ይመጣ ጀመር። ፈራሁ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከደረቀው ጉድጓድ ጀርባ እደበቅ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ባባ መጣ።

«ያላ፣ ዕቃሽን ያዢ። ጀዋዛት ነው የምንሄደው።»

እጁን ልስም ምንም አልቀረኝም። ፊቴን ታጠብኩ፣ ለዒድ ያስቀመጥኳትን አባያ ለበስኩ፣ ሽቶ ሳይቀር ተቀባሁ። ለፎቶ ይሆናል ብዬ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ለልጄ በስልክ የምነግራትን ስደረድር መኪናው ወደ ጅዳ አቅጣጫ ታጠፈ። ጥቂት እንደሄድን ወደ አገር የሚባረሩትን የሚጭኑትን አውቶቡሶች አየሁ። ሐበሻ ሴቶች በመንገዱ ዳር በየፌስታላቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወታደሮች ያሰልፏቸዋል።

«ባባ?»

«ቤቱ አሁን የመንግሥት ዓይን አለበት» አለ፤ ድምፁ እንደ ታመመ ሰው የለሰለሰ ነው። «መጪው ሂያጁ ብዙ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ቅርስ ውስጥ ቢገኝ ጣጣው ለእኔም ለቤቱም ነው። ናቅሉ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ወላሂ አዝኛለሁ።»

ጊዜውን ያሳለፈው ሌላ ሰው ይመስል። አለቀስኩ፤ ጮኼ ነው ያለቀስኩት፣ እንደ አገሬ። ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገልኝ። ለቅሶዬ እስኪበርድ ጠበቀና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሚ፣ ሐሙስ ከጅዳ ትልልቅ እንግዶች አሉብኝ። የአያቴን ታሪክ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ። የፋኖሱን ነገር እኔ ስናገረው አያምርም፣ ይጠፋብኛል።»

ደሜ ፈላ። ከእንግዲህ ምን ይቀርብኛል አልኩና ወረወርኩለት። «አያትህ አይደለችም የሠራችው። እኔ ነኝ። ጭቃና የላም እበት ነው። የነገርኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው!»

«አውቃለሁ» አለ ባባ፤ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። «የተወለድኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ መደብ የሚባል ነገር አልነበረባትም። አያቴም ለሰው ውሃ የምታቀምስ ሴት አልነበረችም፤ ሁጃጅ ከመጣ በዱላ ነበር የምታባርረው። ግን ቆንጆ ታሪክ ነው። ድገሚልኝ።»

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይላሉ። እኔ ግን ብልጥ የነበርኩ መስሎኝ እንጂ አልነበርኩም። ያን ሁሉ ጊዜ በሆዴ ስስቅበት እሱም በሆዱ እየሳቀ ነበር፤ እያወቀ ነው ያለቀሰው። ከመባረሬ ይልቅ ያ እንባ አንጀቴን ቆረጠው። ታሪኩንም መደቡንም እኔው በገዛ እጄ ሠርቼ አስረክቤው፣ ለእኔ የቀረኝ የኋላ ወንበር ነው።

«እሺ» አልኩት። «ለእንግዶችህ እንዲህ ብለህ ንገራቸው። መደቡን የሠራችው አንዲት የወሎ ሴት ናት። የምትተኛበት ስላልነበራት ነው። ልጅ ነበረቻት። ባለቤቱ ቤቴ ሲያምርልኝ ወረቀት አወጣልሻለሁ ብሏት ነበር። ቤቱ ሲያምር በመኪናው ጭኖ ወሰዳትና ወታደሮች ፊት አወረዳት።»

ባባ አልተቆጣም። መሪውን እንደያዘ አሰበበት፤ ከልቡ አሰበበት። መኪናውን ከሰልፉ አጠገብ አቆመ፣ ወርዶ ዞረ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የኋላውን በር በገዛ እጁ ከፈተልኝ።

«እሱ ለእንግዳ አይሆንም» አለኝ።